የእናቴ እቁብ አፕ፦ «ጣለ» የሚለው በተን የሌላ ሰው ስም ላይ መዘገበ

የጸሐፊዋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድሮይድ መማር ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። አሁን የምጽፈው በኮትሊን ነው። መጀመሪያ የተማርኩባቸው ቪዲዮዎች በጃቫ ስለነበሩ ግን ግማሹ ኮዴ እስካሁን ጃቫ ነው።

እናቴ የሰፈራችን እቁብ ጸሐፊ ናት። 42 እቁብተኛ አለ፤ በሳምንት 1,000 ብር ይጣላል። እሁድ ከሰዓት እዚሁ ሐዋሳ እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። ቡና ይፈላል፣ ብሩ ይቆጠራል፣ ዕጣ ይወጣል። እናቴ ሁሉንም የምትይዘው በደብተር ነበር። ዓይኗ እየደከመ ሲመጣ ስልኳ ላይ አፕ ልሥራላት ብዬ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ አራት በተኖች አሉ። አራቱንም በአራት መንገድ ነው የሠራኋቸው፤ እያንዳንዱን ከተለያየ ሰው ስለተማርኩ። አንዱን ኤክስኤምኤሉ (የገጹ መልክ የሚጻፍበት ፋይል) ውስጥ «ኦን ክሊክ» ብዬ የፈንክሽኑን ስም ጻፍኩበት። ሁለተኛውን ጃቫ ላይ «ሰት ኦን ክሊክ ሊስነር» ብዬ እዚያው አዲስ ሊስነር (በተኑ ሲነካ የሚሠራውን ኮድ የያዘ ነገር) ፈጠርኩለት። ሦስተኛውን አክቲቪቲው (ገጹን የሚያስኬደው ክፍል) ራሱ ሊስነር እንዲሆን አድርጌ በስዊች (አማራጮችን በሚለየው ትእዛዝ) በበተኑ መለያ፣ በአይዲው፣ ለየሁት። አራተኛው በኮትሊን ላምዳ (ስም የሌለው አጭር ፈንክሽን) ነው፤ አንድ መስመር ብቻ።

አዲሱ አንድሮይድ ስቱዲዮ ላይ ስዊቹ «ኮንስታንት ኤክስፕሬሽን ሪኳየርድ» እያለ አልገነባም አለኝ። ኤክስኤምኤሉ ላይ የጻፍኩት ደግሞ ገጹን ወደ ፍራግመንት (አክቲቪቲ ውስጥ የሚገባ የገጽ ክፍል) ስቀይረው ክራሽ ማድረግ ጀመረ። አፑ ይከፈታል፣ ገጹ ይታያል፣ በተኑ ሲነካ ይወድቃል።

እነዚህን እታገሣቸው ነበር። ያስጨነቀኝ ያለፈው እሁድ ነው። የእቁብተኞች ዝርዝር ያለበት ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጎን «ጣለ» የሚል በተን አለ። ሲነካ ሰውየው እንደጣለ ይመዘገብና ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣል። እናቴ የመጀመሪያዋን ጎረቤታችንን ነካች፤ ልክ ነበር። ቀጥላ ከታች ያሉ አንድ ሴትዮን ነካች። የጠፉት ግን ከሴትዮዋ ቀጥለው የተጻፉት ሰውዬ ናቸው። ሰውየው ገና አልመጡም ነበር! ሰው ሁሉ እያየ እናቴ ዝም ብላ ስልኩን አስቀመጠችና ደብተሯን አወጣች። ምንም አላለችኝም። ያ ነው የከበደኝ።

አንድ ሌላም አለ። ውዝፍ ያለባቸው ሰዎች ገጽ ላይ «መዝግብ» የሚል በተን አለ። ስልኳ ያረጀ ስለሆነ ሲዘገይባት ደግማ ነካችው። 1,000 ብር ሁለቴ ተመዘገበ። እኔም በተኑን መጀመሪያ እንዳይነካ አድርጌ፣ መዝግቦ ሲጨርስ መልሼ ከፈትኩት። አሁንም ሁለቴ ይመዘግባል።

ጥያቄዬ፦ ከአራቱ መንገዶች ትክክለኛው የትኛው ነው? ይህ ሁሉ የመጣብኝ መንገዱን ስለቀላቀልኩ ነው? እባካችሁ እስከ እሁድ ድረስ እርዱኝ።


የቆየ ኮደር

እህቴ፣ አይዞሽ። በአንቺ ዕድሜ ብዙዎቻችን ለእናታችን የሚሆን ነገር አልሠራንም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። አራቱም መንገዶች መጨረሻቸው አንድ ቦታ ነው። አንድ በተን አንድ የክሊክ ሊስነር ብቻ ነው የሚይዘው። ሁለተኛ ብትሰጪው የመጀመሪያው ይጠፋል፤ ሁለቱ አብረው አይሠሩም። ልዩነቱ ሊስነሩን ማን ፈጠረው፣ መቼስ ተገናኘ የሚለው ላይ ነው። ስለዚህ የዝርዝሩም ሆነ የውዝፉ ስህተት መንገድ በመቀላቀልሽ አልመጣም። ስዊቹና ፍራግመንቱ ግን ከመንገዱ ነው የመጡት።

ከፍራግመንቱ ልጀምር። ኤክስኤምኤሉ ውስጥ የጻፍሽው የፈንክሽን ስም እንደ ተራ ጽሑፍ ነው የሚቀመጠው። ሲስተሙ ያንን ስም የያዘ ፈንክሽን ፍለጋ የሚነሳው ሰው በተኑን ሲነካው ነው። የሚፈልገውም አክቲቪቲው ውስጥ ነው፤ ፍራግመንትሽ ውስጥ አይገባም። ፈንክሽኑን ወደ ፍራግመንት ስትወስጂው አጣውና ወደቀ። ሎግካቱን (የስህተት መልእክት የሚታይበትን) ካየሽ «ኩድ ኖት ፋይንድ ሜተድ» ይልሻል። ፈንክሽኑ ፐብሊክ ካልሆነ፣ ወይም አንድ ቪው (የተነካውን በተን) ካልተቀበለም ያው ነው። ይህ መንገድ የመጣው በአንድሮይድ 1.6 እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። እኔ ስጀምር ሁሉም መጽሐፍ በእሱ ነበር የሚያስተምረው። ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ጉግል ራሱ ተዉት ብሏል፤ በ«ሰት ኦን ክሊክ ሊስነር» ተኩት ነው የሚለው። እኔም ተይው እላለሁ። ስህተቱን ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ሳይሆን ሰው ፊት ነው የሚያሳይሽ።

ስዊቹ ቀላል ነው። ድሮ የበተን አይዲዎች የማይለወጡ ቁጥሮች ስለነበሩ የጃቫ ስዊች ይቀበላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው የአንድሮይድ ግሬድል ፕለጊን (አፑን የሚገነባው መሣሪያ) 8.0 ጀምሮ እንደዚያ አይደሉም። በኢፍ እና ኤልስ ቀይሪው ይገነባል። ወደ ኮትሊን ከወሰድሽው ደግሞ «ዌን» የሚለው እንዲህ ያለ ችግር የለበትም።

ለቀሩት ላምዳውን ያዢ። ከጃቫው ረጅም አጻጻፍ በሥራ አይለይም። «ኦን ክሊክ ሊስነር» የሚባለው ኢንተርፌስ አንድ ፈንክሽን ብቻ ስላለው ነው በአንድ መስመር የሚያልቀው። ቪው ባይንዲንግ ካልተጠቀምሽ ጀምሪ። በተኑን በአይዲ ፈልጎ ማምጣት ይቀርልሻል፣ የሌለ በተን ስም ብትጽፊም ስትገነቢ ነው የሚነግርሽ። ፍራግመንት ላይ ባይንዲንጉን «ኦን ዲስትሮይ ቪው» ውስጥ ነል ማድረግ እንዳትረሺ።

አሁን ወደ ዋናው። ዝርዝሩን በሪሳይክለር ቪው (የሚንሸራተት ዝርዝር በሚያሳየው) ነው የሠራሽው? ሊስነሩንስ የት ነው የምትሰጪው? «ኦን ባይንድ ቪው ሆልደር» (ረድፉ በሰውየው መረጃ የሚሞላበት) ውስጥ ሆኖ ፖዚሽኑን (የረድፉን ቁጥር) ላምዳው ውስጥ ከተጠቀምሽበት፣ ስህተቱን ሳላየው አውቀዋለሁ።


የጸሐፊዋ ልጅ

አዎ ጋሼ፣ ልክ እንደዚያ ነው። «ኦን ባይንድ ቪው ሆልደር» ውስጥ ሊስነሩን እሰጣለሁ። ሲነካ በዚያው ፖዚሽን ከዝርዝሩ ሰውየውን አወጣለሁ፣ እመዘግባለሁ፣ ከዚያ «ኖቲፋይ አይተም ሪሙቭድ» እላለሁ። ሌላ የታዘብኩት፣ ከተነካው ሰው በላይ ያሉት ትክክል ናቸው። የሚሳሳተው ከታች ያሉት ላይ ነው። አንዴ ደግሞ የመጨረሻዋን ሴት ስነካ ክራሽ አደረገ።


የቆየ ኮደር

በላይና በታች ያልሽው ነገር ሁሉንም ይናገራል። ጥሩ አስተውለሻል።

እንዲህ አስቢው። እቁብተኞቹ ወንበር ላይ በተራ ተቀምጠዋል። ለእያንዳንዱ የወንበሩን ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ ሰጠሻቸው። አምስተኛው ሰው ጥሎ ሄደ። ከእሱ በታች ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ወንበር ወደ ፊት ተጠጉ። በእጃቸው ያለው ወረቀት ግን የድሮው ቁጥር ነው። ስምንት የሚል የያዙት ሴትዮ አሁን ሰባተኛው ወንበር ላይ ናቸው። አንቺ ወረቀታቸውን አይተሽ «ስምንተኛው ወንበር» ብለሽ ስትጠሪ የሚነሳው ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው ሰው ነው። የመጨረሻዋ ሴት ወረቀት ላይ ያለው ወንበርማ ባዶ ነው። ክራሹ ያ ነው።

«ኖቲፋይ አይተም ሪሙቭድ» የቀሩትን ረድፎች እንደገና አይሞላም፤ ወደ ላይ ያንሸራትታቸዋል እንጂ። ስለዚህ ላምዳው የያዘው ፖዚሽን ያረጃል።

ማስተካከያው ይኸውልሽ። ሊስነሩን «ኦን ክሪኤት ቪው ሆልደር» (ረድፉ መጀመሪያ የሚፈጠርበት) ውስጥ አንዴ ብቻ ስጪ። ሪሳይክለር ቪው ለ42 ሰው 42 ረድፍ አይፈጥርም። ስክሪኑ ላይ የሚታዩትንና ጥቂት ትርፍ ፈጥሮ እነሱን እያዞረ ይጠቀማል። እያንዳንዱ ረድፍ በታየ ቁጥር አዲስ ሊስነር መፍጠሩም ትርፍ ሥራ ነው። ከዚያ በተኑ ሲነካ፣ በዚያች ቅጽበት፣ ሆልደሩን (ረድፉን የያዘውን) «አሁን የት ነህ?» ብለሽ ጠይቂው። «ባይንዲንግ አዳፕተር ፖዚሽን» ይባላል። የድሮ ቪዲዮዎች ላይ «ጌት አዳፕተር ፖዚሽን» የምታዪው ተተክቷል። መልሱ «ኖ ፖዚሽን» ከሆነ፣ ቁጥሩ ኔጋቲቭ 1 ነው፣ ምንም ሳታደርጊ ተመለሺ። ረድፉ እየወጣ ባለበት ሰዓት ሰው ከነካው ይህ ያጋጥማል።

ግን እዚህ ላይ አትቁሚ። በፖዚሽኑ ሰውየውን ካገኘሽ በኋላ ወደ ፊት የሚሄደው ፖዚሽኑ አይሁን። የሰውየው አይዲ ይሁን፤ ዳታቤዝሽ ውስጥ ያለው። ቪው ሞዴሉ (የገጹን ዳታ የሚይዘው ክፍል) «አይዲው 17 የሆነው ሰው ጣለ» የሚል ነገር ነው መስማት ያለበት። ስለ ስንተኛ ረድፍ ምንም ማወቅ የለበትም።

ይህን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት የዕቃ አድራሽ ሾፌሮች አፕ ሠርቼ ነበር። ልክ እንዳንቺው ፖዚሽን ይዤ «ደረሰ» የሚል በተን አደረግኩ። አንድ ሾፌር ያላደረሰው ዕቃ አደረሰ ተብሎ ተመዘገበ። ዕቃውን አጥፍተሃል ተብሎ ከደመወዙ ሊቆረጥ ነበር። ልጁ «እኔ ያንን አልነካሁም» እያለ ይምላል፤ እኛ ደግሞ ሎጉን እያሳየን አልሰማነውም። ስህተቱን ያገኘሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ገንዘብ የሚነካ በተን ባየሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ያ ልጅ ይታወሰኛል። እናትሽንም አስረጂያቸው፤ እሳቸው የነኩት ትክክለኛውን ነው።


ፈጣኑ

አጠር ያለ ሐሳብ። የእናትሽ ስልክ ከዘገየ «ሰት ኦን ተች ሊስነር» ተጠቀሚ። ጣት ገና ስክሪኑን እንደነካ ይሠራል፣ ክሊክን አይጠብቅም። እኔ ጌም ላይ እንደዚያ ነው የማደርገው።


ማታ ማታ

ወንድሜ፣ ለጌም ይሆናል፤ ለዚህ ግን አይሆንም። ክሊክ የሚቆጠረው ጣት በተኑ ላይ አርፎ እዚያው ሲነሳ ነው። ሰው ዝርዝሩን ሊያንሸራትት ጣቱን በተኑ ላይ ቢያሳርፍ ሪሳይክለር ቪው ንክኪውን ወስዶ ክሊኩን ይሰርዘዋል። ጣት ገና ሲያርፍ የምትመዘግብ ከሆነ፣ እናትየው 42 ስም ወደ ታች ባንሸራተቱ ቁጥር አንድ ሰው ጣለ ይባላል። ሌላም አለ። ቶክባክ (ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብላቸውን) ተጠቅመው ስልክ የሚይዙ ዓይነ ስውራን በተኑን የሚያስነሱት በክሊክ በኩል ነው። ተች ላይ ብቻ የተሠራ በተን ለእነሱ የለም ማለት ነው። አንድሮይድ ስቱዲዮም ለዚህ ነው ቢጫ የሚያሰምርበት። እኔ አብሮኝ የተማረ ዓይነ ስውር ጓደኛ አለኝ፤ የስንት አፕ በተን እንደማይሠራለት ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን ቀላል አታድርጉት።

አሁን ወደ ውዝፉ ልምጣ፤ እሱን ማንም አልነካውም። እህቴ፣ ስትመዘግቢ ዳታቤዙ ላይ የምትጽፊው በሜይን ትሬድ ላይ ነው አይደል? ሩም (ዳታቤዙን የሚይዝልሽ ላይብረሪ) በተፈጥሮው ያንን አይፈቅድም። «አላው ሜይን ትሬድ ኩዌሪስ» የሚል መስመር ከሆነ ቦታ ገልብጠሽ ይሆናል።


የጸሐፊዋ ልጅ

አዎ አለ። ያለ እሱ ክራሽ ያደርግብኝ ነበር፤ መልስ ስፈልግ ያንን ጨምሪ የሚል አገኘሁ። ስመዘግብ ደግሞ የሁሉንም ሰው ድምር እንደገና አሰላለሁ፣ መጠባበቂያ ፋይልም እጽፋለሁ። በሷ ስልክ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ይወስዳል።


ማታ ማታ

እንግዲያው በተኑን ዘግተሽ መክፈትሽ ለምን እንዳልሠራ ልንገርሽ። ይህቺ ነገር ብዙ ሰው ታታልላለች።

ስክሪኑን የሚስለውም፣ ንክኪ የሚቀበለውም፣ የክሊክ ኮድሽን የሚያስኬደውም ያው አንዱ ሜይን ትሬድ ነው። እናትሽ ሲነኩ ኮድሽ ጀመረ። በተኑን ዘጋ። ከዚያ ሦስት ሴኮንድ ዳታቤዝና ፋይል ላይ ተጠመደ። በዚህ መሃል እናትሽ ደግመው ነኩ። ትሬዱ ሥራ ላይ ስለሆነ ሁለተኛው ንክኪ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። ኮድሽ ጨረሰ፣ በተኑን መልሶ ከፈተ፣ ወጣ። አሁን ነው ሁለተኛው ንክኪ ተራው የሚደርሰው። ሲደርስ በተኑ ክፍት ነው። መዘገበ። የዘጋሽው በር ሰው ሳይደርስበት ተከፈተ ማለት ነው። በተኑ መደብዘዙንም እሳቸው አላዩትም፤ ስክሪኑ እንደገና የመሳል ዕድል አላገኘማ። ሥራው አምስት ሴኮንድ ቢያልፍና ንክኪ እየጠበቀ ቢሆን ደግሞ ሲስተሙ «አፑ ምላሽ አይሰጥም» ማለት ይጀምራል።

ስለዚህ ያንን መስመር አጥፊው። የዳታቤዝ ፈንክሽኖችሽን «ሰስፔንድ» (ትሬዱን ሳይዙ የሚጠብቁ) አድርጊያቸውና ከ«ቪው ሞዴል ስኮፕ» ላይ አስጀምሪያቸው፤ ሩም ራሱ ወደ ሌላ ትሬድ ይወስዳቸዋል። ፋይሉን «ዲስፓቸርስ አይኦ» ላይ ጻፊ። ያኔ በተኑ ሲዘጋ እውነት ይዘጋል፤ እናትሽም ያዩታል።

ከዚህም በኋላ በተኑ ላይ ብቻ አትተማመኚ። ስልኩ ሊዞር ይችላል፤ አክቲቪቲው እንደገና ሲፈጠር በተኑ ክፍት ሆኖ ይመጣል። ዳታቤዙ ላይ የእቁብተኛው አይዲና የሳምንቱ ቁጥር አንድ ላይ ዩኒክ ኢንዴክስ ይሁኑ። አንድ ሰው ለአንድ ሳምንት ሁለቴ ሊጥል አይችልም፤ የእቁቡ ደንብ ራሱ ነው። ውዝፍ ሲሆንም የየትኛው ሳምንት እንደሆነ ይመዝገብ። ሁለተኛ ሲመጣ «ኢግኖር» እንዲል አድርጊው፤ ኔጋቲቭ 1 ይመልስልሻል፣ «ተመዝግቧል» ብለሽ ታሳያለሽ።


ኮምፖዝ ወዳጅ

ለምን ይህን ሁሉ? አዲስ አፕ ከሆነ በጄትፓክ ኮምፖዝ (ገጹ ያለ ኤክስኤምኤል በኮትሊን የሚጻፍበት) ሥሪው። 1.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ጉግልም ለአዲስ ሥራ የሚመክረው እሱን ነው። እዚያ «ሰት ኦን ክሊክ ሊስነር» የሚባል ነገር የለም። በተኑን ስትጽፊ ሲነካ የሚሠራውን ላምዳ አብረሽ ትሰጫለሽ፤ አለቀ። ዝርዝሩን በ«ሌዚ ኮለም» ስታደርጊ በየረድፉ የሚሰጥሽ ሰውየው ራሱ ነው። አይዲውን «ኪይ» አድርገሽ ስጪው እንጂ ፖዚሽን ውስጥ አትገቢም።


የቆየ ኮደር

ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ ትክክል ነው። እኔም አሁን ሥራዬ በኮምፖዝ ነው። ግን ዛሬ ረቡዕ ነው፣ እሁድ ቅርብ ነው። ሦስት ገጽ በአዲስ ነገር ገልብጣ፣ አዲስ ስህተት ይዛ እናቷ ፊት እንድትቀርብ አልፈልግም። ደግሞም «ማታ ማታ» የነገረቻት የትሬድ ነገር ኮምፖዝም ላይ ያው ነው። እህቴ፣ ይህን አስተካክለሽ እናትሽ ሲረጋጉ ኮምፖዙን በቀስታ ተማሪው።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። በተኑን ቢያንስ 48 ዲፒ በ48 ዲፒ (ዲፒ የስክሪን መጠን መለኪያ ነው) አድርጊው። ለዓይንና ለእጅ ደካማ ሰው እኔ 56 እሰጣለሁ፤ በረድፎቹም መሃል ክፍተት ተይላቸው። ሌላው፣ በስህተት የተነካ ስም የሚመለስበት መንገድ ይኑር። «ቀልብስ» የሚል በተን ያለው ስናክባር (ለአፍታ የሚታይ መልእክት) ከታች አውጪ። ረጅም ንክኪ ላይ ከምታደርጊው ይሻላል፤ ረጅም ንክኪ እንዳለ ሰው አያውቅም። ካደረግሽው ግን ትሩ መልሺ፤ ፎልስ ካለ ጣቱ ሲነሳ ክሊኩም አብሮ ይሠራል።


የጸሐፊዋ ልጅ

ሰኞ ጠዋት ነው የምጽፈው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም።

ሐሙስና ዓርብ ማታ ሊስነሩን «ኦን ክሪኤት ቪው ሆልደር» ውስጥ አስገባሁ፣ በአይዲ አደረግኩት፣ ያንን የሜይን ትሬድ መስመር አጠፋሁ። መስመሩን ሳጠፋ ሰባት ቦታ ክራሽ አደረገ። ሰባቱንም አንድ በአንድ ወደ ሰስፔንድ ቀየርኳቸው። ዩኒክ ኢንዴክሱን ስጨምር የዳታቤዙን ቨርዥን መጨመር ረስቼ እንደገና ወደቀ። ሁለቴ የተመዘገበውን ውዝፍም መጀመሪያ ማጥፋት ነበረብኝ፤ እሱ እያለ ኢንዴክሱ አይፈጠርም። ቅዳሜ እኔና ወንድሜ 42 ስም ይዘን ሆን ብለን ከታች ወደ ላይ፣ ከመሃል፣ ሁለት ሁለቴ እየነካን ሞከርነው። አንድም አልተሳሳተም።

እናቴን ግን ለማሳመን ጊዜ ወሰደብኝ። «የነካሽው ትክክለኛውን ነበር፤ የተሳሳተው የኔ ኮድ ነው» አልኳት። የወንበሩን ምሳሌ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እኔ እኮ ዓይኔ ነው ብዬ ነበር» አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያ እያሰበች ነው የከረመችው።

ትናንት ደብተሩንም ስልኩንም ጎን ለጎን ይዛ ተቀመጠች። ሁለቱም 42,000 ብር አሉ። አንድ ጊዜ ተሳስታ ያልመጣ ሰው ነካች፤ «ቀልብስ» የሚለውን ራሷ አይታ መለሰችው። የእቁቡ ዳኛ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ተቀብለው ሪፖርቱን አዩትና ድምሩን በቃላቸው ደገሙት።

«ዕጣ አውጣ» የሚለውን በተን ግን አልፈለጉትም። ዕጣው እንደ ድሮው በቆርቆሮው ውስጥ በወረቀት፣ በትንሽ ልጅ እጅ ይወጣል አሉ። ያንን በተን ከገጹ ላይ አነሳሁት።